መጀመሪያ የሣሩን ወሬ

ባሌ ዋቅቶላ ለትምህርት ወደ አዋሳ ተጠራ የተባለ ዕለት ጎረቤት ሊያጽናናኝ መጣ። ቀልድ አይደለም። ወተት የምታመጣልኝ ከሚላ ቅቤ ይዛ መጣች። የቀበሌው ጸሐፊ ሚስት ሸዋርካብሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ምን ሆናችሁ ብላቸው ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

አልፈርድባቸውም። በዚያ ዘመን እኛ ዘንድ ጎልማሳ ሰው «ለትምህርት ና» ከተባለ ነገር አለው ማለት ነው። የኅብረት ሱቁን ይጠብቅ የነበረው ሰውዬ ለትምህርት ነገሌ ተጠርቶ፣ ከርሞ ሲመለስ ሱቁን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቀው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ ሊቀመንበር አልነበረም። ትምህርት የልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚማረው ሲያጠፋ ነው። ኤላ ዲማ ላይ የሚታወቀው ይኸው ነው።

ኤላ ዲማ ከነገሌ ወደ ታች፣ በቆላው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከተማ ከተባለች። አንድ ክሊኒክ፣ አንድ ቀበሌ፣ ያ ሱቅ፣ የእኔ ሻይ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ የአገሩ ከብት ሁሉ የሚጠጣበት ጥልቅ ጉድጓድ። እኔ የተወለድኩት ነገሌ ነው። አባቴ ወልደሥላሴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀረ። ባሌ ደግሞ የወለጋ ሰው ነው፤ ሚሲዮን ሆስፒታል ተምሮ ጤና ረዳት ሆኖ መጣና አገባኝ። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በጾም ወራት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ድስት ይጣዳል። ኦሮምኛ ስለሚናገር ሰው ሁሉ አገሩንም የሚያውቅ ይመስለዋል። ቋንቋውን ነው የሚያውቀው።

ሊሄድ ሲል አባ ጣዲቻ ሻይ ቤቴ መጡ። አባ ጣዲቻ የጉድጓዱን ተራ የሚያስጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ እሳቸው ካልተናገሩ ማንም ውሃ አይቀዳም።

«ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም አባ። ሊማር ነው።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲወጋን የኖረው ሳያውቅ ነው?»

ሻያቸውን ቀድቼ ስኳር ጨመርኩበት። 

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በእህል መኪና ተጭኖ ተመለሰ። አንድ ካርቶን ሙሉ በፓኮ የታሸገ የጨውና የስኳር ዱቄትና መርፌ በእንፋሎት የሚቀቀልበት የሚያብለጨልጭ ድስት ይዟል። ሽማግሌዎቹ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ካለው ግራር ስር ተሰብስበው ጠብቀውታል። ወረደ፣ «ናጋ» ብሎ ሰላም አላቸው፣ እጃቸውን አንድ በአንድ ጨበጠ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ ክሊኒኩ ገባ። በቃ።

ልማዱን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በቦረና ከመንገድ የተመለሰ ሰው ወሬውን ሳያወርድ ቤቱ አይገባም። ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት ደረሰ፣ የማን ከብት ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፤ ከተነሳበት እስከ ደረሰበት ያየውን ሁሉ ተቀምጦ ያወርዳል፤ የተቀመጡትም «እ፣ እሺ» እያሉ ይቀበሉታል። ኦዱ ይሉታል። ኦዱውን የዋጠ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ባሌ ዋጠው።

በማግስቱ የመጀመሪያው ታማሚ ዳባሶ ነበር። ዳባሶ ብዙ ግመል ያለው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። በድርቁ ዓመት ትንሽ ሴት ልጁ በተቅማጥ ሞታበት፣ ከዚያ ወዲህ ሳቁ ጠፍቷል። እንደ ወትሮው መርፌ ሊወጋ ገባ። ባሌ ጉልበቱን አገላብጦ ካየው በኋላ ይኼ መርፌ አያስፈልገውም፣ ይኼን ክኒን ዋጥ፣ እግርህንም አሳርፍ አለው። ዳባሶ ክኒኑን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

«መርፌውን ቀምተውታል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ሻይ ለሚጠጣው ሰው ሁሉ።

ወሬው ከግራር ወደ ግራር ሄደ። ለተቅማጥ የመጣችውን ሴት ይኼን ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ አጠጪ ብሎ ያለ መርፌ ሲልካት ነገሩ ተረጋገጠ። ሐኪሙ አጥፍቶ ተቀጥቷል፤ መርፌውን ወስደው ዱቄት ሰጥተው ላኩት። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ጭር አለ። ሰዉ መርፌ ፍለጋ ወደ ሀሺ ሄደ። ሀሺ በገበያ ቀን ምንጣፍ ላይ ሻሽና ባትሪ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከባትሪው ስር መርፌና ብልቃጥም ነበረው። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ክንዱን ገልጦ ሲመጣበት እምቢ ማለት ከበደው።

ይኼ ሁሉ በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ግን ዝናብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ጉድጓዱን ትቶ ከየኩሬው ይቀዳል፤ የከብቱ እበትም ታጥቦ የሚገባው እዚያው ነው። ልጆች በተቅማጥ መውደቅ ጀመሩ። ዱቄቱ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሐኪሙም ሥራ ፈትቶ የእኔን እንጨት ይፈልጣል። ለዓመት የሚበቃኝን ፈለጠ።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ሄጄ መጥረቢያውን ያዝኩበት። ምን አስተምረው ነው እንዲህ ያደረጉህ አልኩት። ሌላ ጊዜ፣ አለ። እኔ ደግሞ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አላውቅም። ከጉቶው ላይ ቁጭ አልኩበት።

በመጨረሻ ተናገረ። ያስተማረቻቸው ነርስ ነበረች፤ ልጅ እግር፣ ቦሬ ከምታስተምረው ከልጃችን ከአፀደ የምታንስ። የተጠሩት ጤና ረዳቶች አብዛኞቹ ጸጉራቸው የሸበተ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲመጣላችሁ ምን ታዝዛላችሁ አለቻቸው። ሁሉም በአንድ አፍ፣ ሆዱ እንዲያርፍ ምግብና ውሃ እንከለክላለን፣ መርፌ እንወጋለን አሉ። ልጅቷ የተናገሩትን ሰሌዳው ላይ ጻፈችውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። ልጁን የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው፤ እንደሚወጣው መጠን አጠጡት፣ አለች። ያንን ነው የከለከላችሁት፣ አለች።

«ሌሎቹ ተቆጡ» አለ ባሌ። «እኔ ግን መቆጣት አልቻልኩም። ሰሌዳው ላይ የሰው ፊት ነው የታየኝ።»

«የማን?»

«የዳባሶ ልጅ።»

 አስታወስኳት። ያን ጊዜ ውሃ ከልክሏት ያለው እሱ ነበር፤ እኔም አዎ ሆዷ ይረፍ ብያለሁ፣ አገሩ ሁሉ ብሏል። የተማርነው እንዲያ ነበር።

«ከግራሩ ስር ቁጭ ብዬ ይኼን ላውራ?» አለኝ። «እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም ብዬ? ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?»

«አሁንስ ማን አመነህ?»

«ዝም ብዬ ዱቄቱን ልስጥ ብዬ ነበር።»

«ለማን? ለእንጨቱ?»

ይኼን ስንነጋገር ከሚላ ልጇን አዝላ በአጥሩ ስር አለፈች። ወደ ክሊኒኩ አልታጠፈችም። ጠራኋት። የልጅቷ ዓይን ጎድጉዷል፤ ጭንቅላቷ እንደ ደረቀ አበባ ወደ ጎን ወድቋል፤ ስታለቅስም እንባ የላትም። ወዴት ነው ብላት ወደ ሀሺ አለች። ባሌ መጥረቢያውን ጥሎ ሮጦ ዱቄቱን አመጣና አሁኑኑ እናጠጣት አላት። ከሚላ ወደ ኋላ ሸሸች። ባለጌ አይደለችም፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ሐኪም፣ መርፌህን ሲመልሱልህ እመጣለሁ።»

ባሌ ዱቄቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ከሚላን ክንዷን ይዤ፣ ከእኔ ሻይ ሳትቀምሺ ወዴት ትሄጃለሽ ብዬ ከግራሩ ጥላ አስቀመጥኳት። አባ ጣዲቻና ሌሎቹ እዚያው ነበሩ። ዳባሶም። ከዚያ ወደ ባሌ ተመለስኩ።

«ሂድና ወሬህን አውርድ» አልኩት። «ዛሬ። አሁን።»

«ልጅቷ እየደረቀች?»

«ካንተ እጅ አትቀበልም። አባ ጣዲቻ ወሬህን ከተቀበሉ ትቀበላለች። ስማኝ፣ መድኃኒቱን አስቀድመህ እንዳታወራ። መጀመሪያ የሣሩን ወሬ።»

አየኝ። የመጨረሻውን ነገርኩት። እኔ በአርባ ዓመቴ ለመሠረተ ትምህርት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ፤ ያስተማረኝ ዘማች አፍንጫውን መጥረግ የማያውቅ ልጅ ነበር። የሳቀብኝ ሰው ካለ ሳቁ አልቋል፤ ፊደሉ ግን እኔ ዘንድ ነው።

ሄደ። እኔ ጠዋት አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በጀሪካን ይዤ ከኋላው ተከተልኩ።

ተቀመጠ። አባ ጣዲቻ ልክ ዛሬ ከመኪና እንደወረደ አድርገው ጠየቁት። ናጋ? መንገዱ ናጋ? ያየኸው ናጋ? እሱም ጀመረ። ከሻኪሶ ወዲህ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት አልፏል አለ። ክብረ መንግሥት ላይ ዝናቡ ድልድይ አበላሽቶ መኪና አሳድሯል። ቦሬ ብርድ ነው፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ልጄን አገኘኋት፣ ደህና ናት። ዓይኑ ግን ከከሚላ ልጅ ላይ አልተነሳም። በፈጠነ ቁጥር አባ ጣዲቻ ያቆሙታል። የከብቱስ ገላ? በሽታ አልሰማህም? የውሃውስ ነገር? እኔ በውስጤ፣ አባ፣ ስለ እግዚአብሔር ይተዉት እላለሁ፤ ወጉ ግን ወግ ነው። እኔው ነኝ ወደ ወጉ የላክሁት።

«ከዚያ አዋሳ ደረስኩ» አለ ባሌ።

«እ።»

«ትምህርት ቤት አስገቡኝ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«የጠሩኝ ስላጠፋሁ አልነበረም። ከተማርኩ በኋላ ግን ማጥፋቴን አወቅሁ።»

 ሻይ የሚያማስለው ማንኪያውን አቆመ። ባሌ ቀጠለ። ያስተማረችኝ ሴት ልጅ ናት፤ ከልጄ ታንሳለች አለ። በሽታው አይለወጥም፤ ስለ በሽታው የሚታወቀው ነገር ግን በየጊዜው ይጨመራል፤ እኔ ወጣት ሆኜ ከተማርኩ ወዲህ የተጨመረውን የነገረኝ አልነበረም አለ። መርፌዬን ማንም አልቀማኝም፤ ለሚያስፈልገው ሰው አሁንም አለ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ግን ውሃ ከልክሉ ያልኳችሁ ስህተት ነበር። ልጁ መጠጣት አለበት።

ዳባሶ ከተደገፈበት ግንድ ቀና አለ።

«ልጄ ውሃ፣ ውሃ እያለች ነው የሞተችው» አለ። ድምፁን አላነሳም። «ከልክል ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ።

ሌላ ነገር አልጨመረበትም። እንዲያ ተምሬ ነው አላለም፣ አገሩ ሁሉ እንዲያ ይል ነበር አላለም። ልቤ፣ ጨምርበት እንጂ አንተ ሰው ይላል፤ እሱ ግን አልጨመረም።  ዳባሶ በትሩን ተመርኩዞ ተነሳ። ሊሄድ ነው ብዬ ነበር፤ ከዚያም የከፋ ነገር በልቤ አልፏል። ዳባሶ ግን የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ ወደ ከሚላ ሄደና ሁለት እጁን ዘረጋ። ከሚላ አባ ጣዲቻን አየች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጇን ሰጠችው።

ዳባሶ ልጅቷን ታቅፎ ባሌ ፊት ተቀመጠ።

«ይኸው» አለው። «ለዚችኛዋ ስጣት።»

ባሌ ውሃውን በሊትር ለካ፣ ዱቄቱን በጠበጠ። ከሚላ ይኼን ስታይ ይዛው የመጣችውን የወተት ዕቃ ከፈተች። ለታመመ ልጅ ባዶ ውሃ መስጠት ነውር ነው፤ ከብት እንደሌለው ሰው? ዱቄቱን በወተቱ በጥብጠው አለችው። ከመደንገጧ የተነሳ ነው። ባሌ ወተቱን አልናቀባትም። ጡትሽን አትከልክያት፣ እሱ ይቀጥል፤ ዱቄቱ ግን የሚሠራው በውሃ ብቻ ነው አላት። እሺ ልትል አልፈለገችም። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ ወተቱን ለእኔ ተዪው፣ ለሻይ አጥቼ ነበር አልኳት። ሰው ፈገግ አለ፤ እሷም ዕቃዋን ዘጋች።

በማንኪያ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ተፋችው። ባሌ ትንሽ ቆይተህ ድገም፣ አትቸኩል አለው። ዳባሶ ደገመ። ያ ግመል የሚጥል ጎልማሳ፣ ከንፈሩን እያሞጠሞጠ፣ እሱ ራሱ የሚጠጣ ይመስል አፉን እየከፈተ፣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣት። ከሚላ ልቀበልህ ስትለው አልሰጣትም። ጥላው ከግራሩ ዞሮ ወደ ሻይ ቤቴ ግድግዳ ሄደ፤ እነሱም ከጥላው ጋር እየተጎተቱ ሄዱ። ከብት የሚያጠጣው ከብቱን አጠጥቶ እየመጣ ተቀመጠ። ሀሺ እንኳን ምንጣፉን ትቶ መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

ባሌ አንድ ነገር እየጠበቀ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ሽንት ነው አለኝ በጆሮዬ። ውሃው ከሞላላት ትሸናለች፤ ነርሷ እንዲያ ብላናለች። ያንን ቃል እኔ ለሸዋርካብሽ ነገርኳት፤ ለሸዋርካብሽ የተነገረ ነገር ደግሞ ለአገር የተነገረ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ያን ያህል ሰው መጥቶ አያውቅም፤ ሽማግሌውም፣ ሴቱም፣ የመኪና ሾፌሩም አንድ ሕፃን እንድትሸና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ፀሐይ ስትበርድ ዳባሶ ደንገጥ ብሎ ወደ ጭኑ አየ። ነጭ ሽርጡ ላይ እርጥብ ነገር እየሰፋ ነው።

«ሸናችብኝ» አለ።

ከዚያ ሳቀ። ከድርቁ ዓመት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ልጅቷ ሆድ ደፋ።  አባ ጣዲቻ መሬቱን በበትራቸው መታ አድርገው ምርቃት ጀመሩ፤ ሁሉም ተቀበላቸው። ልጅቷ በጩኸቱ ተቆጥታ አለቀሰች፤ በዚህኛው ለቅሶዋ እንባ ነበራት። ከሚላ ተቀብላ ጡት ሰጠቻት።

ባሌ ግን ከመሬቱ አልተነሳም። ዳባሶ ነው እጁን ይዞ ያስነሳው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም፤ እንዲያ የሚል ሰው አይደለም። ጉልበቱን ብቻ አሳየው።

«ክኒንህን አልዋጥኩትም» አለው። «ዛሬ እውጠዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ደጅ ሰው ያድር ጀመር። ዱቄቱ ከነገሌ ሁለተኛ መጣ። ሁሉም ልጅ ዳነ ብዬ አልዋሽም፤ ከሩቅ የመጣ፣ በጣም የዘገየም ነበር። ግን ውሃ የተከለከለ ልጅ አልነበረም። ሀሺም አንድ ቀን ሰው ያላየው መስሎት በጓሮ በኩል መጥቶ፣ ሆዴን ይዞኛል፣ ያ ዱቄት ለትልቅ ሰው ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይሆናል አልኩት፤ ብልቃጦችህን ለሐኪሙ ካስረከብክ ደግሞ ሻዩን በነፃ አልኩት። አጉረመረመ፤ አስረከበ።

በዓመቱ ከአዋሳ እንደገና ጥሪ መጣ፤ ዘንድሮ ስለ ወላድ እናቶች ነው የሚያስተምሩት ተባለ። ቅቤ ይዞ ሊያጽናናኝ የመጣ የለም። ሸዋርካብሽ እንኳን ነጠላዋን ቀና አድርጋ ለብሳ፣ ስለ እኔ ወገብ ጠይቅልኝ አለችው። መኪናው ሲመጣ ግማሹ ከተማ ወጥቶ ሸኘው፤ አባ ጣዲቻ ስትመለስ ከግራሩ ስር ነን፣ ቀጥታ ቤትህ እንዳትገባ አሉት።

ዳባሶ መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው የደረሰው። እያነከሰ ሮጦ የበሩን ብረት ያዘ። በሌላ እጁ አዲስ የወተት ዕቃ ነበር፤ ሚስቱ የሠራችው፣ ዛጎል የተደረደረበት። በመስኮት ለባሌ አቀበለው።

«ለዚያች ላስተማረችህ ልጅ ስጣት» አለው። «ደግሞ ጠይቃት። ሌላስ ምን ተሳስተናል በላት።»